የመጭመቂያና የጠመቃ ፍሳሽ ማሳ ላይ ሲደፋ የአፈሩ ረቂቅ ተሕዋስያን ምን ይሆናሉ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ፣ በተለይ በቦርከና ወንዝ ዳርና ዳር ለሚያርሱና ጓሮ ለሚያለሙ ሰዎች፣ የፍሳሽ ነገር በተነሳ ቁጥር የሚመጡት ጥያቄዎች ይመሳሰላሉ። መልሶቹ በብዛት የወይራ ዘይት መጭመቂያን የሚጠቅሱት ማሳ ላይ ሲደፋ ብዙ ከተጠኑት የምግብ ፋብሪካ ፍሳሾች አንዱ እሱ ስለሆነ ነው። የኛን ፍሳሾች ከሱ ጋር እያስተያየን እንሄዳለን።

የወይራ ዘይት መጭመቂያ ፍሳሽ የሚባለው ምንድን ነው?

የወይራው ፍሬ ተፈጭቶና ታሽቶ ዘይቱ ሲለይ የሚቀረው ጠቆር ያለ ቡናማ ውሃ ነው። ከፊሉ የፍሬው የራሱ ውሃ ነው፤ ከፊሉ ደግሞ ለማጠቢያና ለማቅጠኛ የተጨመረ። ዘይቱን፣ ውሃውንና ፋጉሎውን እያሽከረከረ ለሦስት የሚለይ ማሽን ከአንድ ቶን ፍሬ 1 ሜትር ኩብ ግድም ፍሳሽ ያወጣል። ለሁለት ብቻ የሚለየው አዲሱ ዓይነት ውሃውን ከፋጉሎው ጋር ስለሚያስቀረው የሚወጣው ፍሳሽ ሳይሆን እርጥብ ሊጥ ነው። በስፔን፣ በጣሊያን፣ በግሪክ፣ በቱኒዚያና በጎረቤቶቻቸው ሥራው የሚጧጧፈው ከጥቅምት እስከ የካቲት ባሉት ጥቂት ወራት ነው። የዓመቱ ፍሳሽ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይመጣል፤ የችግሩ ግማሽ ይኸው ነው።

ፍሳሹ ኮምጣጣ ነው፤ የኮምጣጣነት መለኪያው ፒኤች ብዙውን ጊዜ ከ4.5 እስከ 5.5 ነው። ጨውም አለው፣ ፖታሲየምም በብዛት አለው። በውስጡ ያለው የሚበሰብስ ነገር ብዛት ግን ከሁሉም ያስደነግጣል። የአንዱን ሊትር ቆሻሻ አቃጥሎ ለመጨረስ ከ40 እስከ 200 ግራም ኦክስጅን ያስፈልጋል። የተለመደ የቤት ፍሳሽ በሊትር 1 ግራም እንኳ አይሞላም። በዚህ ላይ ፌኖል የሚባሉት ውህዶች በሊትር ከጥቂት ግራም እስከ 10 ግራምና ከዚያም በላይ ይገኛሉ። ስለ ተሕዋስያን በተነሳ ቁጥር የሚከሰሱት እነዚህ ናቸው።

እኛ አገር ወይራ አለ እንጂ የወይራ ዘይት አንጨምቅም። ምን አገባን?

የኛ ወይራ የዚያው የዘይቱ ወይራ ቅርብ ዘመድ ነው። ፍሬው ግን ጥቃቅንና ሥጋ የሌለው ስለሆነ ለመጭመቂያ አይሆንም። እኛ የምንወደው እንጨቱንና ጭሱን ነው። የወተት ዕቃ በወይራ የሚታጠነው ለሽታው ብቻ አይደለም፤ የእንጨት ጭስ ፌኖል ስላለው ወተቱን ቶሎ የሚያበላሹትን ተሕዋስያን ያዳክማል። መጭመቂያው ፍሳሽ ውስጥ ያሉት ፌኖሎች ዓይነታቸው ይለይ እንጂ ጠባያቸው የዚሁ ቤተሰብ ነው። ዕቃ ውስጥ የምንፈልገውን ሥራ ማሳ ላይ አንፈልገውም።

ወደ ጥያቄው ስንመለስ፣ ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ናት። ቢራ ይጠመቅባታል፣ ጨርቅ ይሠራባታል፣ ቆዳ ይለፋባታል። በየሰፈሩ ደግሞ ጠላና አረቄ አለ። «ይህ ውሃ ማዳበሪያ አይሆንም ወይ?» የሚለው ጥያቄ ስለዚህ የጣሊያን ገበሬ ጥያቄ ብቻ አይደለም።

ፍሳሹ አፈሩን ይገድለዋል?

አይገድለውም። የሚያደርገው ነዋሪውን መቀየር ነው። ይህን ልዩነት ያልያዘ ሰው ከላቦራቶሪ የሚመጣ ውጤት ሁሉ ግራ ያጋባዋል።

አንድ ግራም ጤነኛ አፈር ውስጥ እስከ ቢሊዮን የሚደርሱ ባክቴሪያዎች ሊኖሩ ይችላሉ፤ አብዛኞቹም ተርበው፣ ምግብ እየጠበቁ የተኙ ናቸው። ፍሳሹ ሲደፋ ስኳር፣ አሲድና ስብ በአንድ ጊዜ ይፈስላቸዋል። ቶሎ የሚበሉትና ቶሎ የሚባዙት በቀናት ውስጥ ይነሳሉ። ከአፈሩ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይጨምራል፤ ማለትም አፈሩ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል። ይህን ብቻ የለካ ሰው «እንዲያውም ለምቷል» ይላል። ቁጥሩ በእርግጥ ጨምሯል፤ የበዛው ማን እንደሆነ ግን ቁጥሩ አይናገርም።

እሺ፣ ማን ይጠቀማል? ማንስ ይጎዳል?

ከሚጠቀሙት ፊት የሚሰለፉት ፈንገሶችና እርሾዎች ናቸው። ኮምጣጣ ነገር አያስፈራቸውም፤ ብዙዎቹም ፌኖልን የሚሰባብር ኢንዛይም አላቸው። የተደፋው በወፈረበት ቦታ በሁለተኛው ሳምንት ግድም አፈሩ ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ሻጋታ በዓይን ሊታይ ይችላል። ከባክቴሪያ ደግሞ እንደ ሱዶሞናስ ያሉት፣ የማይበላ የሚመስለውን ሁሉ የሚበሉት፣ ይበዛሉ። ስፖር የሚባል ጠንካራ ዘር መሳይ ነገር ሠርተው ክፉ ቀን የሚያሳልፉትም ብዙ አይናጉም። አዞቶባክተር የተባለችው ናይትሮጅንን ከአየር የምትይዝ ባክቴሪያ ፍሳሹን እየበላች ማደግ ስለምትችል ግሪኮች ፍሳሹን በሷ አጣርተው ወደ ማዳበሪያነት ለመቀየር ሠርተውበታል።

ከሚጎዱት መጀመሪያ የሚጠቀሱት ናይትሮጅን አዘዋዋሪዎቹ ናቸው። ዩሪያ ማሳ ላይ ሲረጭ መጀመሪያ ወደ አሞኒየም ይቀየራል። ከዚያ ሁለት የባክቴሪያ ቡድኖች ተቀባብለው አሞኒየሙን ወደ ናይትሬት ያደርሱታል። እነዚህ ባክቴሪያዎች አዝጋሚ ናቸው፣ አሲድ አይወዱም፣ ፌኖልም ይመርዛቸዋል። ቱኒዚያ ውስጥ በስፋክስ አካባቢ በሄክታር 50፣ 100 እና 200 ሜትር ኩብ እየተደፋ በተደረጉ የማሳ ሙከራዎች አጠቃላይ የባክቴሪያና የፈንገስ ቁጥር ሲጨምር የነዚህ ግን መቀነሱ ታይቷል። ከላይ ብዛት ስለማይናገረው ነገር ያነሳነው ይህንኑ ነው።

ሁለተኛው ተጎጂ ማይኮራይዛ ነው። ከሥር ጋር ተጣብቆ የሚኖር፣ እንደ ክር ቀጥኖ ርቆ እየሄደ ፎስፈረስ የሚያመጣ ፈንገስ ነው። ማሽላም፣ በቆሎም፣ ጤፍም አብረውት ይኖራሉ። ፍሳሹ በብዛት በተደፋበት የወይራ እርሻ ውስጥ ሥሮች ላይ የሚኖረው ማይኮራይዛ ቀንሶ ተገኝቷል። «ፈንገስ ጨመረ» የሚለው ወሬ እውነት ሆኖ ሳለ ለገበሬው የሚጠቅመው ፈንገስ ሊቀንስ የሚችለው እንዲህ ነው።

የባቄላና የምስር ሥር ላይ ቋጠሮ የሚሠሩት ራይዞቢየሞችም አሲድና ጨው ስለማይስማማቸው፣ ፍሳሹ ከተደፋ በኋላ ቶሎ ጥራጥሬ መዝራት አይመከርም።

ደፍቼ ስዘራ ቡቃያው ቢጫ ሆነ። መርዙ ነው?

መርዙ ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ረሃብ ነው። ፍሳሹ ካርቦን ሞልቶት ናይትሮጅን የለውም ማለት ይቻላል። ተሕዋስያኑ ያንን ሁሉ ካርቦን በልተው ገላ ለመሥራት ናይትሮጅን ያስፈልጋቸዋል፤ ፍሳሹ ውስጥ ካጡት ከአፈሩ ይወስዳሉ። ከቡቃያው ጋር ይሻማሉ፣ ሽሚያውንም ያሸንፋሉ። ናይትሮጅኑ አልጠፋም፤ እነሱ ሲሞቱና ሲበሰብሱ ይመለሳል። ይህ ግን ከሳምንታት እስከ ጥቂት ወራት ይወስዳል፤ ቡቃያው ያን ያህል አይጠብቅም።

ሁለቱን ለመለየት መጀመሪያ ምልክቱን ማየት ነው። ረሃብ ከሆነ ዘሩ በደንብ ይበቅልና ከዚያ ከታችኛው፣ ከቀደመው ቅጠል ጀምሮ ይገረጣል። መርዝ ከሆነ ከመነሻው አይበቅልም፣ ወይም በቅሎ ሥሩ አጭርና ጫፉ ቡናማ ሆኖ ይቀራል። አንዱን ቡቃያ በማንኪያ ቆፍሮ ሥሩን አጥቦ ማየት ነው፤ ሌላ መሣሪያ አይጠይቅም።

ረሃብ ለሆነው «ዩሪያ ልጨምርበት?» የሚል ሰው አለ። ይሠራል፤ ግን ማዳበሪያ ለመቆጠብ ብሎ ፍሳሽ የደፋ ሰው ዩሪያ ገዝቶ ከጨረሰ ምኑን ተጠቀመ? ከመዝራት በፊት ጊዜ መስጠት ይሻላል።

ፌኖሉ የት ይሄዳል?

ሦስት መንገድ አለው። ቀለል ያሉት በተሕዋስያን ተበልተው ያልቃሉ። ሌሎቹ እርስ በርሳቸው ተያይዘው ጥቁርና ከባድ ነገር ይሆናሉ፤ ከአፈሩ ብስባሽ ጋር ይዋሃዱና መርዛማነታቸው ይቀንሳል። የቀሩት ጭቃ ላይ ይጣበቃሉ፣ ወይም አፈሩ አሸዋማ ከሆነ ከዝናብ ጋር ወደ ታች ይወርዳሉ። በመጠን ከተደፋና አፈሩ ሙቀትና እርጥበት ካገኘ አብዛኛው በወራት ውስጥ ይጠፋል። በየዓመቱ ከመጠን በላይ ከተደፋ ግን የዘንድሮው ሳያልቅ የከርሞው ይደርስበታል።

ስንት ቢደፋ ነው የሚቻለው?

በዚህ ላይ የታወቀው ሕግ የጣሊያን ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው 574 ቁጥር ሕግ በዓመት በሄክታር 50 ሜትር ኩብ ከባህላዊ መጭመቂያ፣ 80 ሜትር ኩብ ከሚሽከረከረው ማሽን ፈቅዷል። የማሽኑ የበለጠው ውሃ ተጨምሮበት ስለሚቀጥን ነው።

ወደኛ መለኪያ ስናመጣው፣ 50 ሜትር ኩብ በሄክታር ማለት በካሬ ሜትር 5 ሊትር ነው። አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ለአራት ካሬ ሜትር። ጥማዱን ሩብ ሄክታር ብለን ከያዝነው 625 ጀሪካን ይሆናል። ሲሰሙት ብዙ ይመስላል፤ ቦቴ ይዞ ለሚመጣ ሰው ግን አንድ ቦቴ ተኩል እንኳ ላይሞላ ይችላል። ስህተቱ የሚፈጠረውም እዚህ ላይ ነው። ቦቴው ቆሞ ቧንቧው አንድ ቦታ ላይ ሲከፈት፣ በሄክታር ተሰልቶ «በመጠን» የተባለው ፍሳሽ በሙሉ ጥቂት ካሬ ሜትር ላይ ያርፋል። የሚሰላው ለጥማዱ ሳይሆን እግር ለሚቆምበት ካሬ ሜትር መሆን አለበት።

ከፖታሲየምም አንጻር ማሰብ ጥሩ ነው። ሊትሩ 4 ግራም ቢይዝ 50 ሜትር ኩብ 200 ኪሎ ፖታሲየም ለአንድ ሄክታር ይሰጣል። ይህ ትንሽ አይደለም፤ በየዓመቱም አያስፈልግም።

መቼ ነው የሚደፋው?

ጠዋት ከደሴ ተነስቶ ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ የገባ ሰው ጃኬቱን የሚያወልቅበት ምክንያት እዚህም ይሠራል። ደሴ 2,500 ሜትር ግድም ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 ግድም። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር የተሕዋስያኑ ሥራ በግምት እጥፍ ይሆናል። ያው ፍሳሽ ኮምቦልቻ ላይ ቶሎ ተበልቶ የሚያልቀውን ያህል ደሴ ላይ፣ ከዚያም በላይ ባሉት ደጋዎች፣ ይዘገያል። ስለዚህ ኮምቦልቻ ላይ ከደፉ በኋላ እስከ መዝሪያ ሁለት ወር መጠበቅ ቢበቃ፣ ደጋ ላይ ከዚያ በላይ መታገስ ያስፈልጋል።

እርጥበትም ይቆጠራል። በበጋ ደረቅ አፈር ላይ የተደፋ ፍሳሽ ውሃው ተንኖ ቅባቱና ፌኖሉ ይደርቃሉ። ተሕዋስያኑ ደርቀው ስለተኙ የሚበላው የለም። ከዚህ የባሰው አፈሩ ውሃ የማያስገባ ቅባታም ገጽ ማውጣቱ ነው፤ የመጀመሪያው ዝናብ ሲመጣ ጠብታው ኳስ ሆኖ ይንከባለላል። በሐምሌ ደግሞ አፈሩ ውሃ ጠግቦ አየር የለውም፤ ፍሳሹ ወይ ታጥቦ ወንዝ ይገባል፣ ወይ አየር አልባ ሆኖ ይሸታል።

የሚመቸው መሃሉ ነው። በልግ ባለበት በደቡብ ወሎ የመጀመሪያዎቹ ካፊያዎች መሬቱን ካረጠቡ በኋላ፣ በልግ በማይዘራበት ማሳ ላይ መድፋትና ለመኸሩ እስኪዘራ ጊዜ መስጠት ይቻላል። በልግ የሚዘራበትን መሬት ግን ለዚያ ዓመት መተው ነው።

መሬቴ ዋልካ ነው። ልዩነት አለው?

አለው፤ ጥሩም መጥፎም። ጥሩው፣ ዋልካ በጭቃና በካልሲየም የበለጸገ ስለሆነ የፍሳሹን ኮምጣጣነት ይሸከማል፤ ፌኖሉንም ጭቃው ይይዘዋል። ቀይና አሲዳማ ደጋ መሬት ላይ የሚታየው ጉዳት እዚህ ይለዝባል።

መጥፎው ስንጥቁ ነው። በጥርና በየካቲት ዋልካ እጅ እስኪገባበት ይሰነጠቃል። በዚያ ጊዜ የተደፋ ፍሳሽ ተሕዋስያን የበዛበትን የላይኛውን ንብርብር ሳይነካ በስንጥቁ ቀጥታ ወደ ታች ይወርዳል። ታች አየርም ምግብ በዪም ትንሽ ነው። ስለዚህ ዋልካ ያለው ሰው ስንጥቁ እስኪዘጋ ይጠብቅ፣ ወይም አስቀድሞ ላዩን አርሶ ስንጥቁን ይድፈን።

ሶዲየም ያለበት ፍሳሽ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ሶዲየም የጭቃውን ቅንጣቶች ይበታትናል፤ አፈሩ ሲርስ ይለጠፋል፣ ሲደርቅ እንደ ሲሚንቶ ይጠነክራል። የወይራው ፍሳሽ ጨው በአብዛኛው ፖታሲየም ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ግን እንደዚያ አይደለም።

የቢራ ፋብሪካ ፍሳሽስ? የአረቄ አተላስ?

የቢራ ፍሳሽ ከወይራው በጣም የቀጠነ ነው፤ የኦክስጅን ፍላጎቱ ብዙውን ጊዜ በሊትር ከ2 እስከ 6 ግራም ነው። ፌኖሉም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ለተሕዋስያን ቀላል ምግብ ነው። የሚያስጠነቅቀው ማጠቢያው ነው። ጋኖችና ጠርሙሶች በኮስቲክ ሶዳ ይታጠባሉ፤ ሶዳው ውስጥ ሶዲየም አለ። አንድ ሰዓት የሚወጣው ውሃ ኮምጣጣ፣ በሚቀጥለው ሰዓት የሚወጣው እንደ ሳሙና የሚያሟልጭ ሊሆን ይችላል። ከማጣሪያ ሳያልፍ በቀጥታ ማሳ ላይ፣ ያውም ዋልካ ላይ፣ መልቀቅ አይገባም። ተጣርቶም ቢሆን የሶዲየም ልኬቱን መጠየቅ የገበሬው መብት ነው።

የአረቄና የጠላ አተላ ሌላ ጉዳይ ነው። መጠኑ ትንሽ ነው፣ ኮምጣጣ ነው፣ የሚበላ ነገር የበዛበት ነው። እውነቱን ለመናገር አተላ ከብት እያለ ማሳ ላይ የሚደፋ ሰው ብዙ አላየንም፤ ልክም ነው። በከብቱ ሆድ አልፎ ፍግ ሆኖ ቢመጣ ለአፈሩም ይሻላል። ከብት ከሌለ ቀዝቅዞ፣ በውሃ ቀጥኖ፣ ከአትክልቱ ሥር ራቅ ብሎ ይፍሰስ። ትኩሱን ከጋኑ አውርዶ ጓሮ ላይ መገልበጥ የመሬት ትሉንም ሥሩንም ይቀቅላል።

በቦርከና ውሃ ሰላጣና ቆስጣ አጠጣለሁ። ይህ ሁሉ ለኔም ይሠራል?

አይሠራም፤ ሁለቱን ነገር መቀላቀል አደገኛ ነው። የወይራም ሆነ የጠመቃ ፍሳሽ ከፍሬና ከእህል የወጣ ነው። ከሶዳው በቀር ጉዳቱ ጊዜያዊ ነው፤ ተሕዋስያኑ በጊዜ ብዛት ይበሉታል። ቦርከና ግን ከደሴ የቤትና የመንገድ ፍሳሽ ተቀብሎ ይወርዳል፤ ኮምቦልቻ ላይ የፋብሪካ ሰፈሩን ውሃ ያመጡ ገባሮች ይቀላቀሉታል፤ ከዚያ የጨፋን ሜዳ አቋርጦ ወደ አዋሽ ያመራል። በመንገዱ የሚያነሳው አንድ ዓይነት ነገር አይደለም።

ቆዳ በክሮም ሲለፋ የሚወጣው ክሮሚየም ብረት ነው። ባክቴሪያ ከአንዱ መልክ ወደ ሌላው ሊቀይረው ይችላል፤ በልቶ ሊጨርሰው ግን አይችልም። ዘንድሮ የገባው ከርሞም አለ። አንዳንድ የጨርቅ ማቅለሚያዎች ደግሞ አየር በሌለበት ሲሰበሩ ከመጀመሪያው የባሰ ነገር ይወጣቸዋል። የሰው ፍሳሽ ያለበት ውሃ የሆድ በሽታ አምጪዎችንና የትላትል እንቁላልን ይዞ ይመጣል፤ ሰላጣ ደግሞ ሳይበስል ይበላል። «ጥቂት ወር ጠብቄ ልዝራ» የሚለው ምክር ለእንዲህ ያለው ውሃ መድኃኒት አይደለም። ሳይበስል የሚበላ አትክልትን በዚህ ውሃ አለማጠጣት ነው።

ኖራ ወይም አመድ ብጨምርበት ይፈወሳል?

ኖራ ኮምጣጣነቱን ያበርደዋል፣ ከፌኖሉም የተወሰነውን አዝቅጦ ያስቀራል። በቀይ አሲዳማ መሬት ላይ ጥሩ ነው፤ ዋልካ ላይ ብዙም አያስፈልግም። አመድ ግን ራሱ ፖታሲየምና ጨው ነው። ፖታሲየም በበዛበት ፍሳሽ ላይ አመድ መጨመር ጨው በጨው ላይ መደራረብ ነው፤ እኔ አልመክርም።

በቀጥታ ከመድፋት ኮምፖስት ውስጥ ማስገባት አይሻልም?

ይሻላል። እንዲያውም ምርጫ ካለ ሌላውን ሁሉ ትቶ ይህን ማድረግ ነው። ክምሩ ሲግል 60 ዲግሪና ከዚያ በላይ ይደርሳል፤ ሙቀት ወዳድ ተሕዋስያን ፌኖሉንም ቅባቱንም ይሰባብሩታል። ማሳ ላይ ይደረግ የነበረው ሽሚያ ክምሩ ውስጥ ያልቃል፤ ማሳው የሚደርሰው ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ነው።

ችግሩ ደረቁን ነገር ማግኘት ነው። የኮምፖስት መጻሕፍት «ገለባ» ይላሉ፤ ጭድ ለከብት ቀለብ በሚገዛበት አገር ጭዱን ለክምር የሚሰጥ የለም። የቅጠል ቆሻሻ፣ አበባ ያላወጣ አረም፣ ከአናጺ ቤት የሚወጣ ሰጋቱራ ይሆናሉ። ሰጋቱራው ካርቦን ብቻ ስለሆነ ናይትሮጅን የሚያመጣ ፍግ በደንብ ይቀላቀልበት፤ አለበለዚያ ዓመቱን ሙሉ እንዳለ ይቀመጣል። ፍሳሹ ክምሩን ለማርጠብ በውሃ ፋንታ ይግባ እንጂ ክምሩ አይዋኝበት። በእጅ ጨምቀው ጥቂት ጠብታ ብቻ ከወጣው ልኩ ነው። እየተገላበጠ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ይቆያል፤ ደሴ ላይ ወደ ስድስቱ ይጠጋል።

ላቦራቶሪ የለኝም። በምን አውቃለሁ?

በፌጦ። ይህ የመንደር ዘዴ አይደለም፤ በዓለም ላይ የፍሳሽና የኮምፖስት መርዛማነት የሚለካበት የታወቀ ዘር ይኸው ገበያ የምናገኘው ፌጦ ነው። ቶሎ ይበቅላል፣ ለመርዝም ስሱ ነው።

ሦስት ጠፍጣፋ ሳህን ላይ ሶፍት ያንጥፉ። አንዱን በንጹሕ ውሃ፣ ሁለተኛውን አንድ እጅ ፍሳሽ በዘጠኝ እጅ ውሃ፣ ሦስተኛውን ውሃ ባልተጨመረበት ፍሳሽ ያርጥቡ። በየሳህኑ 20 ፍሬ ፌጦ አራርቀው ይበትኑ፤ ዘሩ ሲርስ ዙሪያው ዝልግልግ ስለሚል ከተነካካ ይጣበቃል። ከድነው ሙቅ ቦታ ያስቀምጡ። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን የበቀለውን ይቁጠሩ፣ ሥሩን በማስመሪያ ይለኩ።

ስሌቱ ቀላል ነው። በውሃው 18 በቅሎ ሥሩ በአማካይ 30 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ በቀጠነው ፍሳሽ ደግሞ 9 በቅሎ ሥሩ 10 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ የበቀለው ግማሽ ነው፣ ሥሩ ሲሶ ነው። ግማሽ በሲሶ ሲባዛ ከመቶ 17 ገደማ ይሆናል። ከ80 በላይ ከሆነ አያሰጋም፤ ከ50 በታች ከሆነ ጠንከር ያለ መርዛማነት አለው ይባላል። ከተደፋ በኋላ ደግሞ የማሳውን አፈር በውሃ በጥብጠው አጥልለው በዚያው መንገድ ይሞክሩ፤ መቼ እንደሚዘራ የሚነግርዎት እሱ ነው።

የተሕዋስያኑን ሥራ ለማየት ደግሞ አቡጀዲ ይበቃል። ንጹሕ ጥጥ የሆነ፣ ናይሎን ያልገባበት። መዳፍ የሚያህሉ ቁራጮችን በተደፋበትና ባልተደፋበት ማሳ አንድ ስንዝር ያህል አጥልቀው ይቅበሩ፣ ቦታውን በችካል ምልክት ያድርጉ፣ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቆይተው ያውጡ። ሁለቱም እርጥብ ወቅት ላይ መቀበር አለባቸው፤ በበጋ ከተቀበረ የትኛውም አይበሰብስም። ያልተደፋበት ተቦጫጭቆ የተደፋበት እንዳለ ከወጣ፣ ወይ ተሕዋስያኑ ተጎድተዋል፣ ወይ ናይትሮጅን አጥተው ጨርቁን መብላት አቅቷቸዋል። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ የቡቃያውን ቅጠልና ሥር አብሮ ማየት ነው።

አንዴ በብዛት ደፍቼበታለሁ። መሬቱ ይመለሳል?

ከምግብ ፋብሪካ የመጣ ፍሳሽ ከሆነ ይመለሳል። የዓመቱን ዘር ለማትረፍ አይሽቀዳደሙ። ላዩን ቀለል አድርገው አርሰው አየር ያስገቡለት፣ የበሰለ ፍግ ይጨምሩበት፤ ፍጉ ናይትሮጅንም ከሌላ ቦታ የመጡ ተሕዋስያንንም ይሰጠዋል። ክረምቱ ጨውን ያጥባል። ከተመለሱት ሁሉ የሚዘገዩት ናይትሮጅን አዘዋዋሪዎቹና ማይኮራይዛው ናቸው፤ ማይኮራይዛ ያለ ሕያው ሥር ስለማይኖር መሬቱን ባዶ ከመተው ማሽላ መዝራት ይጠቅመዋል።

ከውሃ ጉድጓድ ምን ያህል መራቅ አለበት?

የጣሊያኑ ሕግ ለመጠጥ ከሚቀዳ ውሃ 300 ሜትር፣ ከመኖሪያ መንደር 200 ሜትር ያህል እንዲርቅ ያዛል፤ የከርሰ ምድር ውሃው ከ10 ሜትር ባነሰ ጥልቀት ላይ በሚገኝበት መሬትም ይከለክላል። ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ በወንዞቹ ዳር ያለ ሰው የሱ ወይም የጎረቤቱ የእጅ ጉድጓድ በስንት ሜትር ውሃ እንዳገኘ ያውቀዋል። 10 ሜትር ሳይቆፈር ውሃ ከተገኘ ፍሳሹን ወደ ክምሩ እንጂ ወደ ማሳው አያምጡ።